ቅጠል የከለከለው አባት

በሁዳዴ አጋማሽ፣ ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ጤፍ ለመግዛት እህል በረንዳ ደርሼ ነበር። መምህር ነኝና ሰው ሲከራከር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም፤ የዚያን ዕለትም ያዘገየኝ ይኸው አመሌ ነው።

ጋሼ ቦጋለ የታወቁ የጤፍ ነጋዴ ናቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ሙሉመቤትን በእጃቸው ይዘው ሱቃቸውን ሲዘጉ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ሸዋገነት ዘንቢል አንጠልጥላ መጣች። ሸዋገነት የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት የቀራት ወጣት ናት። ከዘንቢሉ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ብቅ ብቅ ብሏል።

«ምነው ልጄ፣ እናንተ ቤት ላም ተገዛ እንዴ?» አሏት እየሳቁ።

«የለም ጋሼ፣ የራሳችን እራት ነው» አለች እጅ ነስታ። «ለእርስዎም ቤት ላካፍል?»

«ይቅርብኝ! ጎተራው የሞላ ሰው ቅጠል ሲያኝክ ቢታይ ገበያተኛው ቦጋለ ከሰረ ይላል። ልጄ ነጭ ጤፍና ሽሮ እስክትጠግብ ትበላለች።»

«መጥገብ ሌላ፣ ሰውነት የሚፈልገውን ማግኘት ሌላ ነው ጋሼ። ጤፉ ጉልበት ይሰጣል፤ ሽሮው ሰውነት ይገነባል። ዓይንንና ድድን የሚጠብቀው ግን አትክልቱ ነው።»

ጋሼ ቦጋለ ፊታቸው ጠቆረ። «ስሚኝ ልጄ። ጎጃም ሳለን፣ አንበጣ አዝመራችንን በጨረሰበት ዓመት፣ እናቴ የዱር ጎመን እየቀቀለች አበላችን። እሷ ግን ያን ዓመት አላለፈችም። የወለድኩት ልጅ ቅጠል አይቀምስም ብዬ የማልኩት በመቃብሯ ላይ ነው።»

እኔም አዘንኩላቸው። የሚጎዳን ልማድ ሁሉ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ከፍቅር የመጣውን ማስተው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

«እናትዎን የገደላቸው የእህሉ መጥፋት ነው ጋሼ» አለች ሸዋገነት ቀስ ብላ። «ጎመኑማ እርስዎን ለዛሬ አደረሰዎት።»

ሊመልሱላት ሲሉ ሙሉመቤት እጃቸውን ለቀቀችና በተጋደመ ጆንያ ተደናቅፋ በግንባሯ ተደፋች። ገና አልጨለመም፤ ጆንያው ለእኔ ከሩቅ ይታየኛል።

«ሲመሽ ሁልጊዜ እንዲህ ናት» አሉ እያነሷት። «ዳፍንት ነው። ጉበት አብላት አሉኝ፤ ጾም ነውና ፋሲካን እንጠብቃለን። ጠበልም ወስጃታለሁ።»

«ጠበሉን አይተዉ። ጾሙ ግን ካሮትና ጎመን መቼ ከለከለ?»

ሸዋገነት ተንበርክካ የልጅቱን ፊት ወደ ብርሃን መለሰች። ግራ ዓይኗ ደርቆ ደብዝዟል፤ በቀኙ ላይ ነጭ ብልዝ ወጥቷል።

«ይህስ መቼ ጀመረ?»

«ሰሞኑን ነው። አቧራ መስሎኝ...»

«እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ፤ ቀኙ የሚመለስ አይመስለኝም። ግራው ግን አሁኑኑ ሐኪም ቤት ከደረሰች ሊተርፍ ይችላል።»

ጋሼ ቦጋለ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። «ሙሉ ጎተራ ይዤ ልጄን አስራብኳት?» አሉ።

ወደ ሐኪም ቤት በጋሪ ስንሄድ ልጃቸውን አቅፈው እንደ ተማሪ ይጠይቁ ጀመር።

«ታዲያ ምን ላብላት?»

«መድኃኒቱን ሐኪሙ ይሰጣታል፤ እንዳያገረሽባት ግን ጎመን፣ ቆስጣና ካሮት ከቤትዎ አይጥፋ። ዘይት ጠብ ይደረግበት፤ አለዚያ ጥቅሙ ከሰውነቷ በደንብ አይዋሐድም። ቲማቲምና ቃሪያ ለድድና ለቁስል ይረዳሉ። ሰላጣ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ቢሆንም አረንጓዴው ቅጠሉ አይጣልም። በጥሬው የሚበላውን ሁሉ በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ያሳጥቡ።»

«ገበያተኛው የፈለገውን ይበል» አሉ ጋሼ ቦጋለ።

«ጎመን በጤና» ስንል ኖረናል፤ ጤናውን ጎመኑ ራሱ እንደሚሰጥ ግን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? የሙሉመቤት ግራ ዓይን ዳነ። ቀኙ እንደጠፋ ቀረ።

ዛሬ ጋሼ ቦጋለ ጤፍ ለሚገዛቸው ሁሉ «ለልጆችህ አትክልትም ያዝ» ይላሉ። አንዳንዱ «ጎመን መነገድ ጀመሩ እንዴ ጋሼ?» ብሎ ይስቃል። አይቆጡም፤ ሙሉመቤትን ይጠሯታል። ልጅቱ በግራ ዓይኗ ለማየት አንገቷን ጠምዘዝ አድርጋ ወደ እንግዳው ስትዞር ሳቁ ይቆማል።

«እኔ ዘግይቻለሁ፤ አንተ አትዘግይ» ይሉታል።