የአበባዬ ቀለም
ስሙኝማ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ነው። ከልብስ ሰፊዎች የለቀምኩትን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ በእጄ ለምሰፋው የአልጋ ልብስ የአበባ ቀለም እመርጣለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሲያዩኝ ቆዩና «ወላሂ አይሆንም! ቢጫውን መሃል፣ ቀዩን ዙሪያውን አድርጊው» ብለው ጨርቁን ከእጄ ወሰዱት። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ «ቀይ በዛ» ብዬ ተከራከርኳቸው። ዳገቱን በሙሉ ስንጨቃጨቅ ወጥተን፣ ደሴ መድረሳችንን ያወቅነው ረዳቱ «ውረዱ እንጂ!» ሲለን ነው። በመጨረሻ እሳቸው አሸነፉ። ሊለዩኝ ሲሉ «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለቤቴ» አልኳቸው። «አላህ ለባሹን ያብዛልሽ!» ብለው መረቁኝ። ምርቃት አይመለስምና «አሜን» አልኩ።

ሰፈሬ ቧንቧ ውሃ ደርሼ የቤቴን ቁልፍ ከፈትኩ። ሳጥኔ እንዲህ ባለ የአልጋ ልብስ ሞልቷል፤ ለባሹ ግን እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው የመረጡልኝን አበባ አልጋዬ ላይ ደርድሬ ብዙ አየሁት። እውነትም ያምራል። መርፌዬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ጨርቁንም እንደነበረው ደባለቅኩት። ቅዳሜ ሚኒባስ ውስጥ እንደገና እዘረጋዋለሁ፤ አንድ ሰው «አይሆንም» ይለኝ ይሆናል።