ሆደ ሰፊው ታንክ

«እንዴት ዋልሽ ሀምዲያ? ደህና ነሽ? ጀላልስ ደህና ነው? እናትሽ ወገባቸውን ተሻላቸው? ተመስገን ነው። ዛሬ እንኳ መብራቱ አልጨከነብንም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ የሰው ስልክ ሁሉ እጅሽ ላይ ሞቶ ዋለ አሉ። ብርዱም በዛ አይደል? ለእኛስ ጋቢ አለን፤ ገብሱን ሳናጭደው ውርጭ እንዳይመታው ነው እንጂ...»

ፍሬው ይህን የሚለው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ጀላል ስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ፣ ባንኮኒውን ተደግፎ ነው። ሀምዲያ የጀላል እህት ናት፤ አንገቷን ደፍታ የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ትነቅላለች። አትመልስለትም፤ እሱም መልስ አልጠበቀም። ወሬው ለእሷ ይነገር እንጂ የተላከው ለሌላ ሰው ነበር። ያ ሰው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ስሙን ፍሬው አልጠራውም፤ እኛም አንጠራውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነ ፍሬው በስልካቸው የሚጫወቱት፣ አምስት ለአምስት ሆነው የሚዋጉበት ጨዋታ አለ። ከአምስቱ አንዱ ታንክ ይባላል። ቆዳው ወፍራም ነው፤ ሥራው ከፊት ቆሞ መመታት ነው፤ ሌሎቹ ከጀርባው ተጠልለው ይተኩሳሉ። ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚመሰገነው ተኳሹ ነው፤ ሲሸነፍ ደግሞ «ታንኩ የት ነበር?» ይባላል። ፍሬው ታንክ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ሰው ተኳሽና የቡድኑ አለቃ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ልምምድ ላይ ተሸነፉና አለቃው ፍሬውን በሰው ፊት ከቡድኑ አስወጣው። ቅዳሜ ደግሞ ደብረ ታቦር ውድድር አለ። አለቃው በፍሬው ቦታ የሚተካ ታንክ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ። ከተማው ውስጥ መተኮስ የማይወድ ወጣት የለም፤ መመታት የሚወድ ግን አልተገኘም። ስለዚህ እንደ አገሩ ወግ ለእርቅ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዋ ሀምዲያ ሆነች፤ ላኪውም ውጤቱን ለመስማት እዚያው ሱቅ ቁጭ ብሏል።

ፍሬው ደብረ ታቦር መሄዱን ይፈልገዋል። እስከ ዛሬ ለምንም ነገር ተመርጦ አያውቅም። ግን ከተዋረደ በኋላ፣ ያውም ለዚያው ለመመታት፣ «እሺ» ማለት አንጀቱን አሳረረው። «አልሄድም» ማለትን ሲለማመድ ነው የሰነበተው። በሬዎቹ ፊት ቆሞ ሳይቀር ተለማምዷል፤ በሬዎቹ ፊት ምንም አልከበደውም።

«መልእክትሽ ደርሶኛል» አለ ቀጥሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሽማግሌ መላክ እንዴት ያለ ጨዋነት ነው። በዚህ ዘመን ማን ይልካል? መቼም ሰውየው ቅርብ ቢሆን ራሱ ይመጣ ነበር... ሩቅ ሆኖበት ነው። መንገድ ሲርቅ ሰው ምን ያደርጋል?»

ከአግዳሚው እስከ ባንኮኒው እጅ ቢዘረጉ ይደርሳል።

«እኔ መቼም ክፉ አልናገርበትም። እንደ እሱ ያለ ተኳሽ ከየት ይመጣል? ሞቶ እኮ አያውቅም። እኛ ሁላችን ሞተን አልቀን እሱ በሕይወት ይገኛል። ያን የቡድናችንን ልጅ፣ ጓዴን፣ ጠላት የከበበው ዕለት ትዝ ይልሻል? እዚሁ ነበርሽ። ጓዴ ‹ድረሱልኝ› ሲል ‹መጣሁ፣ አይዞህ› አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ነበር የሚሸሽ። እሱ ግን አይዞህ እያለ ሸሸ... ይህ ትንሽ ነገር ነው? ሊሞት የተቃረበን ሰው እየሮጠ የሚያጽናና ስንት አለ?

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ታንክ የሆንኩት ጎበዝ ሆኜ መሰለሽ? አፍሬ ነው። ጨዋታው ሊጀመር ሁሉም የሚወደውን ሲመርጥ እኔ ‹እናንተ ቅደሙ› እላለሁ። ቤታችን ገበታ ላይም ያደግነው እንዲሁ ነው። አንዱ ተኳሽ ይሆናል፣ አንዱ ባለ ሰይፍ ይሆናል፣ ታንኩ ብቻውን ይቀራል። ሰዓቱ ይቆጥራል። ሁሉም ጣራ ጣራ ያያል። ያኔ ያ ደግ ሰው ምን ይላል መሰለሽ? ‹ፍሬው መቼም ሆደ ሰፊ ነው›። አለቀ። ሆደ ሰፊ የተባለ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን አፍ አለው? አንድ ቀን ጨክኜ እምቢ ልል አፌን ስከፍት ‹የጨዋ ልጅ› አለኝ። መልሼ ዘጋሁት። ቀንበር ሲያይ አንገቱን የሚያቀርብ በሬ አይተሽ ታውቂያለሽ? እያየሽው ነው።

«ታንክነቱንም እኮ አልቻልኩበትም። መጀመሪያ ሰሞን ጠላት በጠባብ መንገድ ሲመጣብኝ መንገድ ለቀቅኩለት። ምን ያስቅሻል? እውነቴን ነው። የቸኮለ ሰው መስሎኝ ዞር አልኩለት፤ አልፎኝ ሄዶ ጨዋታው ላይ የምንጠብቀውን ቤታችንን አፈረሰው። ሌላ ቀን ደግሞ አገሩን የማላውቀው ሰው በማላውቀው ቋንቋ ረጅም ስድብ ጻፈልኝ። ‹እግዜር ይስጥልኝ› ብዬ መለስኩለት። ሰው ተቸግሮ ያን ያህል ጽፎ ዝም አይባልም ብዬ...»

ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። ፍሬው ሳቁ ደስ አለው። በራሱ ላይ ሲያስቅ ምላሱ ይፈታል፤ ያልተፈታለት ሌላውን ነገር ፊት ለፊት መናገሩ ነው።

«ያ ሰው የታደለው ደግሞ በጨዋታ ብቻ አይደለም። አምና እነ አባቱ ማሳ ላይ ወንፈል ወጥተን ነበር። አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ አላየሽም። ስንዴው እንደዚያ ረዝሞ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኛ ማጭድ ስናነሳ እሱ ዘፈን አወጣ። ድምፁ ያምራል፣ አይካድም። ስናጭድ ያወጣል፣ ስንከምር ያወጣል። ዛፍ ጥላ ሥር መቆሙ እንኳ ለራሱ ብሎ አይደለም፤ ድምፁ እንዳይደርቅብን ብሎ ነው። ማታ አባቱ ‹ዛሬስ ልጄ ማሳውን አጨደው› ብለው ለጎረቤት አወሩ። እኛም ‹እውነት ነው› አልን። አባት ፊት ሌላ ምን ይባላል? የእኛ ተራ የደረሰ ዕለት ጉንፋን ያዘው እንጂ፣ ይኸኔ እኛ ማሳ ላይም ዘፍኖልን ነበር።»

ከአግዳሚው በኩል አንድ ጉሮሮ ተጠረገ። ፍሬው ዞር ብሎ አላየም።

«የባለፈው ሳምንቱ ሽንፈት ግን የእኔ ነው፤ አንድ ቃል አልከራከርም። ከነፋስ መውጫ ልጆች ጋር እየተጋጠምን፣ ሱቁ በሰው ሞልቶ፣ ልናሸንፍ ትንሽ ሲቀረን መሪጌታ አንዳርጌ ገቡ። ከድጓ ቤቱ፣ ከቤተ ልሔም መጥተው ስልካቸው ድምፅ አልሰጥ ብሏቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ተቀምጬ ልቆያቸው ኖሯል? ስልኩን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ተነሳሁና ጉልበታቸውን ሳምኩ። አንቺ እንኳ እምነትሽ ሌላ ሆኖ ሳለ ከወንበርሽ ተነሳሽ።

«መሪጌታ ደግሞ ሰላምታን በአጭሩ አያውቁትም። ‹እናትህ እንዴት ናት?› ደህና ናት። ‹ከብቱስ?› ደህና ነው። ‹ገብሱ ፍሬ ያዘ?› ይዟል። ‹ያች ጥጃ ከሳች ብለኸኝ ነበር፣ አገገመች?› እያንዳንዱን አጎንብሼ እመልሳለሁ። በዚህ መካከል ስልኩ ውስጥ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ ታንኬ፣ ጠላት ፊት ዝም ብሎ ቆሟል። የነፋስ መውጫ ልጆች መጀመሪያ ፈርተው ነበር አሉ፤ ዘዴ መስሏቸው። ኋላ ግን ምንም እንደሌለው ሲያውቁ እየተፈራረቁ ቀጠቀጡት። እኔ ስለ ጥጃዋ እያወራሁ ነው። ዓለም ላይ ስንት ታንክ አለ፤ ስለ ጥጃ ሲጠየቅ የሞተ ግን ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

«ያ ሰው አልተነሳም። እንዴት ያለ ትጉህ ነው። ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ ‹ሰላም ነው አባባ› አላቸው። መሪጌታ ትንሽ አዩትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ‹ይህ ልጅ ዓይኑን ያመዋል?› አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ምን ልበል? ጓደኛዬ ነው። ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ‹ጠበል አስጠምቁት እንጂ፣ ገና ለጋ ልጅ› አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ በጸሎታቸው ያስቡታል። እኔ ታንክ ነኝ ብያለሁ አይደል? ስድብም ቢሆን ወደ እሱ ሲመጣ ፊቱ የምቆመው እኔው ነኝ።

«ጨዋታው ሲያልቅ ግን ተነሳ። ለመሪጌታ ያልተነሳው ለእኔ ተነሳልኝ፤ ይህን ያህል ክብር እስከ ዛሬ አግኝቼ አላውቅም። ‹ታንክ ተብለህ ከቦታህ ትነሳለህ እንዴ? ከዛሬ ጀምሮ የለህበትም› አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ። እውነቱን ነው... ታንክ ምን ሰው ነውና ሰው ሲመጣ ይነሳል?»

እዚህ ላይ የፍሬው ድምፅ ትንሽ ተሰበረ። ያን ዕለት ወደ ቤቱ የሄደው ፊቱ እንደ እሳት እየጋለ ነበር። ያቃጠለው መሸነፉ አልነበረም። ለስንት ጊዜ የተመታላቸው ልጆች፣ ጓዴን ጨምሮ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱለት ስልካቸውን ሲያዩ መቆየታቸው ነበር። ብድግ ብሎ «ለታላቅ መነሳት ነውር አይደለም» የሚል አንድ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ሽንፈቱን ሲስቅበት ይውል ነበር።

ሀምዲያ መስታወቱን ነቅላ ጨርሳለች። ቀና ብላ አየችው። መልስ ትጠብቃለች፤ በሩ አጠገብ ያለውም ጣቱን ከስልኩ ላይ አንስቷል። ሲለማመደው የሰነበተውን ቃል የሚናገርበት ጊዜ ደርሷል፤ ፍሬውም ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ።

«እንግዲህ የቅዳሜውን ነገር... አል...» አለና ቆመ። «አል... አልቀርም በይው። ጠዋት መናኸሪያ እገኛለሁ። ታንክም እሆናለሁ። ሌላ ማን አለው?»

ፍሬው ከአፉ በወጣው ነገር ራሱ ደነገጠ። ከዚያ ሳቀ። ምን ያድርግ? እምቢ ማለት ለእሱ ያልተፈጠረ ነገር ነው። በሬዎቹ ቢሰሙ ይታዘቡት ነበር።

«አየሽው ሆዴን? ስንት ነገር ተናግሬ ተናግሬ መጨረሻዬ ይኸው። ሰው ቂም ለመያዝ እንኳ ትንሽ ጥንካሬ ያስፈልገዋል፤ እኔ ሰው ሲቸገር ካየሁ ቂሜንም እረሳዋለሁ። ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። ደብረ ታቦርም ቢሆን፣ ጨዋታው መሀል ላይ ቢሆን፣ ትልቅ ሰው ከገባ እነሳለሁ። ይህን ከአሁኑ ይወቀው። መመታቱን እችለዋለሁ፣ ለታላቅ ሳልነሳ መቅረቱን ግን አልችለውም። ይህ ካልተመቸው ተቀምጦ የሚመታ ሌላ ሰው ይፈልግ።»

ይህን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ፤ ለመሄድም ከባንኮኒው ራቀ።

«በይ ልሂድ፣ ከብት ይጠብቀኛል። ሰውየውን ስታገኚው፣ መቼም ሩቅ ነው፣ ‹ፍሬው ቂም የለውም› በይልኝ። ቂም የለኝም። እንዲያውም ልመርቀው፤ የአንቺም አላህ የእኔም እግዜር ይስሙኝ። እድሜ ከጤና ይስጠው። የሞቀ ትዳር ይስጠው። ወልዶ ይሳም። ሸምግሎ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ዓይኑ ሲደክም፣ ሰው ሲገፋው፣ ‹ድረስልኝ› ብሎ የሚጠራው ወንድ ልጅ ይስጠው። ያ ልጅም በመልኩም በጠባዩም ቁርጥ አባቱን ይሁን።»

በዚህ አገር ምርቃት በዝምታ አይታለፍም። ስልካቸውን የሚጠብቁት ሰዎች በአንድ አፍ «አሜን» አሉ፤ ሀምዲያም «አሚን» አለች። ከሁሉም ቀድሞ አሜን ያለው ግን በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነበር።