ፀሐይ የሚጠጡ ድንጋዮች

ባሌ ዑመር ማታ ከሥራ ሲገባ ግቢያችን ውስጥ የዘይቱኑ ሥር እያደናቀፈው ሁሌ ያማርር ነበር። ጅቡቲ ለሥራ ሄዶ በባቡር አንድ ቆርቆሮ ቀለም ላከልኝ፤ ቀን ፀሐይ ጠጥቶ ማታ እንደ ሰዓት ቁጥር የሚያበራ ቀለም። እኔም ከደቻቱ ወንዝ ድንጋይ ለቅሜ ቀባሁና ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ደረደርኩት። ሲመጣ እንዳይደናቀፍ ብዬ ነው።

ወዲያው ጦርነቱ መጣ፤ የባቡሩ መንገድ ተዘጋ፣ ዑመርም እዚያው ቀረ። አውሮፕላን እንዳያይ ከተማው በሙሉ መብራት እንዲያጠፋ ታዘዘ። በዚያው ምሽት የቀበሌው ጥበቃ አብዲ በሬን አንኳኳ።

«አንቺ ዘሀራ፣ የግቢሽን መብራት አጥፊ።»

«አቦ፣ በምን ላጥፋው? ማጥፊያ የለውም፣ የቀን ፀሐይ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አንዱን ድንጋይ ነካ ነካ አደረገ። «በቃ፣ በጆንያ ሸፍኚው።»

«ዑመር በጨለማ ቢመጣስ?»

«እኔ እዚሁ ሰፈር ነኝ» አለኝ፤ «ሲመጣ እገልጥለታለሁ።»

ወላሂ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ። ብዙም ሳይቆይ አብዲም ዘመተ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ጆንያውን እኔው ገለጥኩት። ዛሬም ድንጋዮቹ ቀን ፀሐይ ይጠጣሉ። ሲመሽ በሩን ገርበብ አድርጌ ሁለት ሰው እጠብቃለሁ።