ከቁም ሣጥኑ የሚወጣው ድምፅ

ሽማግሌውን ጎረቤቴን ያገኘኋቸው ደረጃ ላይ ነው። በማተሚያ ቤት አራሚነት የሰው ግድፈት ሲለቅሙ ያረጁ፣ አንዲት ፊደል ብትጎድል እህል የማይወርድላቸው ሰው ናቸው። ባዶ ከረጢቶች ይዘው ያቃስታሉ።

«ወዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ምራቴ ዘንድ። የልጄን ልብስ ለችግረኛ ልንሰጥ ብንል እምቢ አለች። አንተ መምህር ነህና ምናልባት ትሰማህ ይሆናል፤ እስቲ አብረኸኝ ግባ።»

ልጃቸውን ከቀበርን ብዙም አልቆየን። ተከተልኳቸው።

መኝታ ቤቱ ውስጥ ሰው አይታይም፤ ድምፅ ግን ይሰማል። ሽማግሌው ቁም ሣጥኑን ቢከፍቱት፣ ምራታቸው በሟቹ ኮቶች መካከል ተቀምጣ ማይክሮፎን ላይ ታነባለች። የምታነበው ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይ ነበር።

«ምን ጉድ ነው!» አሉ። «የልጄ መቃብር ሳይደርቅ እዚህ ተሸጉጠሽ ተረት ታወሪያለሽ?»

ደንግጣ ተነሣች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። ልብሱ ማስተጋባቱን ያጠፋል። ስቱዲዮ መግባት ባንችል ይህን መላ የዘየደው እሱ ነው። ፖድካስታችንን፣ በኢንተርኔት የምንለቀውን ትረካ፣ የምንቀዳው እዚሁ ነበር።»

«ለመሆኑ ማን ሊሰማው?»

«መንገድ ላይ ያለ ሹፌር፣ ልብስ የምትተኩስ ሴት፣ ዓይኑ ደክሞ ማንበብ ያቃተው ሰው። ታሪኩ ሲያልቅ ደግሞ መጽሐፍ አድርጌ ራሴ አሳትመዋለሁ።»

«ከሳሽም ዳኛም ራስሽ! መጽሐፍ ማለት አሳታሚ መዝኖት፣ አርታኢ ገርቶት የሚወጣ ነው። እሱም ቁም ነገር ሲኖረው! የመርማሪና የሌባ ወሬ ለማን ይበጃል?»

«ደጅ ጠንተን ነበር እኮ። አንዱ ‹የወንጀል ታሪክ ክብር የለውም› አለን፤ ሌላው ‹ቆዩ› አለን። ልጅዎ ደግሞ ታሞ ነበር፣ መቆየት አይችልም። ይበጃል ወይ ላሉት፣ ልጇን ማን እንደገደለባት ሳይታወቅ የቀረባት እናት ‹በእናንተ ታሪክ እንኳ እውነቱ ይወጣል፤ እሱን ሰምቼ እተኛለሁ› ብላ ጽፋልናለች።»

እኔ ግን ሳስበው፣ ክብር የለውም የተባለ ጽሑፍ ሐዘንተኛን ካስተኛ፣ ክብርን የምንሰፍርበት ቁና ሳይጎድል አይቀርም።

«የታሪኩን መርማሪ ሆኖ የሚያነበው እኮ ልጅዎ ነው፣ አባባ። ድምፁን ይስሙት» አለችና ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

ቆመው ሰሙ።

«እዚህ ላይ ተሳስቶ ሣቀ» አሉ። «አልቆረጥሽውም?»

«አልቻልኩም።»

«ደግ አደረግሽ።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ስህተት ሰምተው ሳያርሙ ሲያልፉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እንባቸውን ጠርገው፣ «ከእንግዲህ መርማሪውን ማን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

«ማንም። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ገድዬዋለሁ። ድምፁ ከሌለ ምን ላድርገው?»

«አትግደይው፣ ልጄ። ጡረታ ይውጣ፣ ሩቅ አገር ይሂድ። አሳታሚ የለብሽ፣ አዛዥ የለብሽ፤ ማን ይከለክልሻል?»

ይህን ሲሉ ክርክሩን ራሳቸው ለእሷ ፈርደው እንደዘጉት የገባቸው አልመሰለኝም። ወዲያው ግን መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «አሳታሚ የሌለው መጽሐፍ አራሚ ይብስ ያስፈልገዋል። ረቂቁን አምጪው» አሉ።

መጽሐፉ ወጣ። በጥቂት ቅጂ ታትሞ ሲያልቅ እንደገና ይታተማል፤ ባለቤቷም እሷው ናት። አንባቢ ሆይ፣ የሰው ደጅ ስትጠና ዕድሜህ እንዳያልቅ። ያለህን ይዘህ ጀምር፤ ነገር ግን ሥራህን ጨክኖ ለሚያርም ሰው ሳታሳይ አትልቀቅ። በራስ መቆም ብቻ መቆም አይደለም።

በመጨረሻው ምዕራፍ መርማሪው ቃል ሳይናገር አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል። አድማጮች «መቼ ነው የሚመለሰው?» እያሉ መጻፍ ያዙ። ምራቲቱ የምትመልሰው ጠፍቷት ሽማግሌውን ጠየቀቻቸው። ብዙ አሰቡና፣

«አይመለስም፣ ግን ደህና ነው በያቸው» አሏት።