ሳይከፈት ሞተ የተባለው ስልክ

እትዬ ሎ ዩት-ሃን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። ሰኞ ረፋድ ላይ የሻም ሹይ ፖን ባቡር ጣቢያ ደረጃ እኔ ስወርድ እርሳቸው እየተንደረደሩ ሲወጡ፣ ልንጋጭ ምንም አልቀረንም። ስልካቸውን የሞተች አይጥ አውጥቶ እንደሚጥል ሰው በሁለት ጣት አንጠልጥለውታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ፎቅ ጎረቤታሞች ነን፤ እንዲያ ተቆጥተው ግን አይቻቸው አላውቅም።

"ምነው እትዬ ሎ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?"

"ደህንነት ከየት ይመጣል መምህር! ስሜን አጠፉት። የሠላሳ አንድ ዓመት ስሜን!"

የእትዬ ሎ ሥራ አራስ ማረስ ነው። የወለደች ሴት ቤት እየተመላለሱ ወሩን ሙሉ ያበስሉላታል፣ ሕፃኑን ያጥባሉ፣ ጡት አልይዝ ሲል ያስይዛሉ። በሰፈራችን በእርሳቸው እጅ ያልታጠበ ልጅ ጥቂት ነው። የደረሰባቸውን ነገር እዚያው ደረጃው ላይ ቆመው ነገሩኝ።

"እሁድ የዕረፍት ቀኔ ነው። ጠዋት የዪፕ ቤት አማት ደወለች። ምራቷ ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ ትኩሳት ያንቀጠቅጣታል። 'ሙቀቷን ለኪ፣ ደሟ ሽታ አለው ወይ?' ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ ድርግም አለ። ቆይቶ ራሱ በራ። ስደውል ይጠፋል፣ ሲበራ ደግሜ እደውላለሁ። በታክሲ ከንፌ ብደርስ ሆስፒታል ወስደዋታል። ልጅቷ ተርፋለች። አማቲቱ ግን 'ጭንቅ ሲመጣ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ' ብላ እናቶቹ በሚጻጻፉበት ቡድን ላይ አወጣችኝ። ሦስት እርጉዞች 'ሌላ ሰው ይዘናል' አሉኝ።"

"ታዲያ አሁን ከየት ይመጣሉ?"

"ከትልቁ ስልክ መሸጫ። ልጁ አገላብጦ አየና 'ቦርዱ ሞቷል፣ ውስጡ ያለውም ጠፍቷል፣ አዲስ ይውሰዱ፣ በየወሩ ይከፍላሉ' አለኝ። መታወቂያዬን ረስቼ ነው፤ አምጥቼ ልፈርም ነው።"

"ከፍቶ አየው?"

"ለምን ይከፍተዋል? አገላብጦ አየው አልኩዎት እኮ!"

ደሜ ፈላ። የበሽተኛውን እጅ ሳይዝ፣ ደረቱን ሳያዳምጥ፣ የሬሳ ሳጥን ዋጋ የሚናገር ሐኪም ቢገኝ ከተማው ሁሉ ድንጋይ ያነሳበት ነበር። ስልክ ሲሆን ግን ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን "እሺ" ብለን እንፈርማለን። መፈረሙ አንድ ሰዓት ይቆይ ብዬ ለምኜ፣ አፕ ሊዩ ጎዳና ላይ ወደምትሠራው ወደ ቹንግ ኪት-ዪንግ ወሰድኳቸው። ኪት-ዪንግ ተማሪዬ ነበረች፤ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቃ፣ የአልጋ ስፋት ባላት ሱቅ ውስጥ ስልክ ትጠግናለች።

እትዬ ሎ ሱቋን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ሊያስጠግኑኝ ነው እንዴ ያመጡኝ? ስሙኝ መምህር፣ እኔ ያደግሁት ተራራው ጥግ በቆርቆሮ ቤት ነው። ሦስት እህቶቼ የጨረሱትን ጫማ በመኪና ጎማ አስጠግኜ አድርጌ ትምህርት ቤት ስሄድ 'ጎማዋ መጣች' ይሉኝ ነበር። በራሴ እጅ እንጀራዬን የበላሁ ቀን፣ የተጠገነ ነገር ቤቴ አይገባም ብዬ ምያለሁ።"

"እማማ፣ መሐላዎን አላስፈርስዎትም" አለች ኪት-ዪንግ፣ ሻጩ ያለውን ከነገርኳት በኋላ። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያ ሻጭ ከቨሩን አውልቆ አየው?"

"አላወለቀም።"

"ቻርጀር ላይ ሰክቶ ሞከረው?"

"አልሰካም።"

"በምን ካቻቢቴ ከፍቶ ነው ታዲያ ቦርዱን ያየው? በዓይኑ ነው የከፈተው?" ልጅቷ የያዘችውን ወረንጦ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። "በየቀኑ ነው የሚመጡልኝ እማማ! ደህናውን ስልክ 'ሞቷል' እያሉ! የሚሸጥ ሰው ምርመራ ምን ያደርግለታል?"

"እሱ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ በትልቅ ሱቅ ቆሞ ይዋሻል? አንቺ በጎዳና ተቀምጠሽ እውነቱን ታውቂያለሽ? ለመሆኑ እናትሽ ይህን ሁሉ ያስተማረችሽ እዚህ እንድትቀመጪ ነው?"

"እናቴም ይህንኑ ትላለች፤ ተሰልፋችሁ ስደቡኝ። አሁን ግን ይመልከቱ።"

መጀመሪያ ከቨሩን አወለቀች። ጠባብ ከቨር የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ከያዘው ስልክ ራሱን ሲያጠፋና ሲያበራ ይውላል አለችን። ከቨሩ ወልቆም ስልኩ ጠፍቶ በራ፤ ስለዚህ ምክንያቱ ያ አይደለም። የስልኩ ማስቀመጫ ቦታ ሞልቶ እንደሆነም አየች፤ የሕፃናት ፎቶ በሽ ነው፣ ግን አልሞላም። ቀጥላ ካሜራውን ከፈተች፤ ወዲያው ድርግም አለ። በመጨረሻ ቻርጀር ሰክታ ካሜራውን ከፈተች፣ ቪዲዮ ቀዳች፣ ለእኔ ደወለች። ሩብ ሰዓት ያህል አንዴም አልጠፋም።

"አዩ? ኃይል ከውጭ ሲያገኝ ይሠራል፤ ብቻውን ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል። ደካማ ልብ ያለው ሰው ተቀምጦ ደህና ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ግን ያዞረዋል። ባትሪው ይመስለኛል። ከፍቼ ሳላይ ግን አልምልም። ቦርዱ ሆኖ ካገኘሁት እነግርዎታለሁ፤ ያን ጊዜ አዲስ ይግዙ የምልዎት እኔ ነኝ።"

እትዬ ሎ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም።

"እሺ፣ ባትሪው ነው እንበል። ዛሬ ባትሪ፣ ነገ ስክሪን፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። ያረጀ ነገር አንዱን ሲደግፉት ሌላው ይፈርሳል።"

"አንዳንዱ ልክ ነው። ከአምራቹ እርዳታ የተቋረጠበትን፣ ውኃ የበላውን፣ የጥገናው ዋጋ የአዲሱን ግማሽ የሚሆነውን መልሼ እሰዳለሁ። ይኼ ግን ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላው አካሉ ጤነኛ ነው።"

"አዲስ አዲስ ነው ልጄ! ምን ታደርቂኛለሽ?"

ኪት-ዪንግ ቀና ብላ አየቻቸው። "እማማ፣ አራስ ሲያተኩሳት 'ሌላ ሚስት አግቡ' ይላሉ? ወይስ ሙቀቷን ለክተው፣ ጡቷን ዳስሰው፣ ደሟን ጠይቀው፣ ምን እንደነካት ያያሉ?"

ከጎናችን ሽቦ የሚሸጠው ሰውዬ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ። እትዬ ሎም ሳቁ።

"ምላስሽ ለጉድ ነው! ይሁን፣ ክፈቺው።"

አስቀድማ ቻርጀሩ ላይ እንዳለ ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ገለበጠች፤ ከዚያ አጥፍታ ጀርባውን በሙቀት አላቅቃ አነሳችው። ባትሪው እንደ ተነፋ የዓሣ ሆድ አብጧል። ልጅቷ ሳቋ ጠፋ።

"ይኼን የት ነበር የሚያስቀምጡት?"

"ከምጠብቀው ሕፃን አልጋ አጠገብ፤ እኔም ከዚያ ስለማልርቅ..."

"ሊቀጣጠል ይችል ነበር እማማ! መቼ ነው መጥፋት የጀመረው?"

"ከአዲስ ዓመት ወዲህ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"አምስት ወር! አራሷ አምስት ወር ብትታመም ዝም ይላሉ? ሻጩ አንድ ጥፋት አጠፋ፤ እርስዎም አንድ አጠፉ።"

ለእውነት ስል ልናገር፤ ያን ጊዜ በልጅቷም ተናድጄ ነበር፤ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይነገርም። ግን ስህተት አላገኘሁባትም። ኪት-ዪንግ ያበጠውን ባትሪ ሳትጫነውና ሳትበሳው አንስታ አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ደጁ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ቢጣል የቆሻሻ መኪናውን ያቃጥላል አለች። አዲሱን ገጥማ፣ ፈትሻ፣ ከነእጅ ዋጋዋ በአገራችን ዶላር ሦስት መቶ ሃምሳ ተቀበለች። ከዚያም የእሁዱን የጥሪ መዝገብ ከፍታ ስልኩን ወደ እትዬ ሎ አዞረችው።

የዪፕ ቤት ጥሪ አርባ ሰከንድ ላይ ተቋርጧል። ከሥሩ ከእትዬ ሎ ስልክ ወደ ዪፕ ቤት የተደወለ፣ አሥራ አንድ ጊዜ፣ ተራ በተራ። በዚያ ሻጭ ቃል ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከስልኩ ጋር ተጥሎ ነበር።

በማግስቱ ዪፕ ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። አማቲቱ መዝገቡን መነጽር አድርጋ አነበበች፤ ደግማም አነበበች። "በሰዓቱ አምቡላንስ እየጠራሁ ነበር፤ መስመሩ ተይዞ ነው" አለች። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ወደ ማድቤት ገብታ ለአራስ የሚዘጋጀውን፣ በዝንጅብልና በኮምጣጤ የተሠራ የአሳማ እግር አንድ ሳህን አምጥታ በአክብሮት በሁለት እጇ ለእትዬ ሎ አቀረበች። እትዬ ሎ ቀምሰው "ዝንጅብሉ አንሷል፤ ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ" አሉ። ማታውን አማቲቱ በእናቶቹ ቡድን ላይ እውነቱን ጻፈች።

ሁሉ ይጠገን አልልም። ግን የታመመ ነገር መጀመሪያ ይመርመር እላለሁ። የመረመረ ሰው ገንዘቡን ያተርፋል፤ ሥራውና ማስረጃው ከእጁ አይወጣም፤ አደጋውንም ሳይፈነዳ ያገኘዋል። ያልመረመረ ግን ለሻጭ ምላስ ይገብራል። ባለጠጋ ሲባል የሚጥል ሰው፣ ድኻ ሲባል የሚጠግን ሰው ነው የሚለው አስተሳሰብ ስንቱን ቤት እንዳራቆተ ቆጥሮ የጨረሰ የለም።

ሐሙስ ዕለት 'ተዉት፣ ይቅር' ብላቸው እትዬ ሎ እምቢ አሉኝና ወደ ትልቁ ስልክ መሸጫ ገባን። ያው ሻጭ የአንድ ሽማግሌ አናጢ ስልክ አገላብጦ እያየ "አባት፣ ይኼ ሞቷል" ይላቸዋል።

"ከፍተኸዋል?" አሉ እትዬ ሎ፣ ሱቁ ሁሉ እስኪሰማ።

"እማማ፣ እኛ እዚህ አንከፍትም።"

"ካልከፈትክ መሞቱን በምን አወቅህ? ሸትቶህ ነው?"

የተሰለፈው ሰው ዞሮ አየ። ሻጩ ቀላ። አናጢው እጃቸውን ሰደው ስልካቸውን ከልጁ መዳፍ ላይ አነሱና ወደ እትዬ ሎ ዞሩ።

"እህቴ፣ የሚከፍት ሰው የት ነው ያለው?"

"ይከተሉኝ" አሉ እትዬ ሎ። "አፏ መራራ ነው፤ ግን አትዋሽም።"