የእህቱን ታሪክ የጻፈው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ያን ዕለት ጠዋት አንዱን እጅጌ ሦስት ጊዜ ሰፍቶ ሦስት ጊዜ ተረተረው። ክሩ አልተበጠሰበትም፤ መርፌውም አልተሰበረበትም። እጁን ያሳተው ንዴት ነው። በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ፣ ስልኩ ተከፍቶ ተቀምጧል። ትንሽ ሰፋ ሰፋ ያደርግና ጎንበስ ብሎ ያነበዋል፤ ባነበበው ቁጥር ደሙ ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቱ ከሞተች አራት ወር ሆኗታል። እናታቸው ሁለቱም ልጆች ሳሉ ስላረፉ ያሳደገችው እሷ ናት። «እትዬ» እያለ አደገ፤ «እትዬ» እያለ ቀበራት። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራለች፤ የእጅ ምልክቶችን በሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍም አሳትማለች። ከቀብሩ በኋላ ሥራውም እህሉም አልዋጥልህ ያለው ወንድም፣ ስሟ በኢንተርኔት ላይ ባለው፣ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው በሚችለው ትልቅ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ እንዲገባ ቆርጦ ተነሣ። ኮምፒውተር ያስተማረው የለም። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ እየሳተ እየደለዘ፣ ራሱ ተማረ። በሦስተኛው ሳምንት ገጹ ወጣ። ዛሬ ጠዋት ሲከፍተው ግን የጻፈው ሁሉ ድራሹ ጠፍቷል። በቦታው እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ቆሟል፦

«ይህ ጽሑፍ ከጋዜጣ ቃል በቃል የተወሰደና የቅጂ መብትን የሚጥስ ስለሆነ ተነሥቷል። ጸሐፊው ለባለ ታሪኳ ቅርብ የሆነ ሰው ይመስላል፤ ከሆነ ይግለጽ። በሰባት ቀን ውስጥ በምንጭ የተደገፈ ጽሑፍ ካልቀረበ ገጹ ይሰረዛል።»

ከሥሩ የተፈረመው ቅጽል ስም «አቧራ ጠራጊ» ይላል።

«አቧራ!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ማንም በሌለበት ሱቅ። «እትዬን አቧራ አደረጋት!»

ይኼኔ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት አንዲት ሴት የዝናብ ካፖርቷን በክንዷ ይዛ ገባች። ከሱቁ አራት በር አልፎ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንደምትሠራ፣ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው መታወቂያ ይናገራል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። የኪሱ አፍ ተቀዶብኝ ነው። ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ይደርስልኛል?»

«ይደርሳል፤ ተቀመጪ። ግን እጄ ዛሬ የኔ አይደለም። ኪሱን ጀርባው ላይ ብሰፋልሽ እንዳትቀየሚኝ።»

«ምነው፣ ማን አስቆጣዎት?»

ሰው የሚያዳምጠው ሲያጣ ንዴቱ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ልብስ ሰፊው የሚጠብቀው ይህችን ጥያቄ ነበር። ካፖርቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከ፣ ከእህቱ ሞት ጀምሮ እስከ ዛሬ ጠዋት ያለውን ዘከዘከላት። በመጨረሻም ማስታወቂያውን ጮክ ብሎ አነበበላትና፣

«እስቲ ፍረጂኝ ልጄ!» አለ። «ይሄ አቧራ ጠራጊ የሚሉት ሰውዬ ልብ አለው? ወንድም ለእህቱ ቢጽፍ ምን ነውሩ ነው?»

ሴትዮዋ ካፖርቷን አየች፤ መርፌውን አየች፤ ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጋሼ፣ መርፌው በእጅዎ እያለ መናገሩ ያስፈራል። ግን ተደብቄ ካፖርቴን ይዤ ብወጣ ነውሩ የኔ ይሆናል። ሰውዬ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደ ሰካው ቀረ።

«እርስዎ ነዎት?» አለ። ልጄ ሲላት የነበረችውን ሴት በአንዴ አንቱ አላት፤ ለአክብሮት ግን አልነበረም። «አይ እንግዲህ፣ ክብርት እመቤት! በራስዎ እግር መጡልኝ! አራት ወር ያለቀስኩላትን እህቴን ለመጥረግ ማን ሾመዎት?»

«ማንም አልሾመኝም። እንደ እርስዎ በፈቃዴ የምሠራ ነኝ። ይቆጡኝ፤ ግን አንቱታውን ይተዉልኝ፤ ከስድቡ ይልቅ እሱ ነው የሚያመኝ።»

«እህቱ የሞተችበትን ሰው ‹ይሰረዛል› ይሉታል? ከዚህ የተሻለ ቃል ጠፋ?»

ሴትዮዋ አቀረቀረች። «በዚህስ እውነት አለዎት። ያን ማስታወቂያ ስጽፍ ከወዲያ በኩል ሐዘንተኛ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። እግዜር ያጽናዎት። ስለ አጻጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ ውሳኔው ግን አልጠይቅም።»

ልብስ ሰፊው ይቅርታውን አልተቀበለም፤ አልገፋምም። ካፖርቱን ግን መልሶ አነሣ። የሰው ሥራ ጀምሮ መተው ልማዱ አይደለም።

«ከኔ በላይ እሷን የሚያውቅ ማን አለ?» አለ። «አንድ ግቢ ነው የኖርነው። ታዲያ እኔ ካልጻፍኩ ማን ይጻፍላት? ጠላቷ?»

«ጠላቷም እንዲጽፍ አይፈለግም፤ የሱም ልብ ወደ አንድ ወገን ያደላልና። ጋሼ፣ የራስዎን የጀርባ ልክ ራስዎ ወስደው ያውቃሉ?»

«እሱማ አይሆንም። ክንድ ሲነሣ ጀርባው አብሮ ይሳባል፤ ልኩ ይበላሻል።»

«ታዲያ ጀርባዎን ስለማያውቁት ነው?»

«በሙያዬ አትምጪብኝ!» አለ ልብስ ሰፊው። አንቱታው መቅረቱን ልብ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

«የጥቅም ግጭት የምንለው እሱን ነው። ጥቅም ሲባል ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ፍቅርም፣ ዝምድናም፣ ሐዘንም ነው። የሚያፈቅር ሰው ዋሽቶ ሳይሆን ሳያውቀው ልኩን ያበላሻል። ደግሞ ወንድሟ መሆንዎን የት ላይ ነገሩን? ‹እውነት ወዳድ› ብለው አይደል የፈረሙት?»

«እውነት ስለምወድ ነዋ!»

«ወንድሟ ነኝ የምትለው እውነትስ ለምን ቀረች?»

ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«እሺ፣ እሱን ተዪው። ስትሞት ስለ እሷ የጻፈው ጋዜጣስ? ጋዜጣ የሚታተመው ሰው እንዲያነበው አይደለም? እኔ ገዝቼ መሳቢያዬ ውስጥ ያስቀመጥኩት ነው!»

«ወረቀቱ የእርስዎ ነው፤ ቃሉ የጋዜጠኛው ነው።»

«እያለቀሰ ነው የጻፈላት። ተገለበጠ ቢባል ደስ ነው የሚለው።»

«ጠየቁት?»

«አራት አምስት ቃል ለዋውጬ ባስገባውስ?»

«የሰው ኮት ወስደው ቁልፉን ቢቀይሩት የእርስዎ ይሆናል?»

«አንቺ ልጅ፣ ተይ ብያለሁ በሙያዬ!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ለመልካም ነገር ነው ያደረግኩት። ሌብነትማ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከፈለግሽ፣ እትዬ ላይ የደረሰውን ነበር ማየት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማሠልጠኛ ሥዕሎቿን እንዳለ አትሞ፣ የሌላ ሰው ስም ጽፎበት አከፋፈለው። እያንዳንዱን ጣት እሷ ናት የሣለችው! ስትሄድባቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው?»

«ምን አሏት?»

«‹ለመልካም ነገር ነው፤ ይልቅ ደስ ሊልሽ ይገባል› አሏት። እንዳለቀሰች ተመለሰች። እኔ እንኳ ሄጄ—»

እዚህ ላይ አፉ ተያዘ። የራሱ ቃል ነበር ዞሮ ፊቱ የቆመው።

«ያ ሌላ ነው» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ።

«ምኑ?»

«... የሌላ ሰው ስም አልጻፍኩበትም።»

«የጋዜጠኛውን ስም ጻፉ?»

አልጻፈም ነበር።

ሰው በክርክር ሲረታ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ መቀበል ነው፤ ሌላው ወዳልተነካ በር ሮጦ መቆም ነው። ልብስ ሰፊው ሁለተኛውን መረጠ። የኪሱን አፍ ሰፍቶ ጨርሶ ካፖርቱን ወረወረላትና፣

«ቃሉን ተዪው፤ የጋዜጠኛው ይሁን!» አለ። «የራሴስ? መጨረሻ ላይ ከራሴ የጨመርኩት አለ። ‹መጽሐፉን ያለ ማንም እርዳታ ብቻዋን አዘጋጀች› ብያለሁ። ይሄን ከጋዜጣ አልወሰድኩም። በዓይኔ ያየሁት ነው! ይሄንንስ በምን ሥልጣንሽ አነሣሽው?»

«ምንጭ ስላልነበረው። መጽሐፏን አንብበውታል?»

መጽሐፉ ልብስ ሰፊው ቤት አለ፤ በነጠላ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። በሕይወት ሳለች ሥዕሉን አገላብጧል እንጂ ፊደሉን አላነበበም። ከሞተች ወዲህ ደግሞ ሊነካው አልደፈረም።

«እኛ ጋ አንድ ቅጂ አለ» አለች። «ይምጡና ያሳዩኝ። ያሉት ከተገኘበት፣ ዛሬውኑ በአደባባይ ተሳስቻለሁ ብዬ እጽፋለሁ።»

«እንዲያውም አሁኑኑ!» ብሎ ሱቁን ቆለፈ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሁለት ተማሪዎችና አንድ የሚያንቀላፉ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ሴትዮዋ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዳ መግቢያው ላይ ከፈተችለት። ልብስ ሰፊው መነጽሩን አድርጎ፣ ሊረታት ቸኩሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

«‹ይህን መጽሐፍ ያዘጋጀነው ሁለት ነን። ሥዕሉ የኔ ነው፤ ምልክቶቹን ከየሰፈሩ የሰበሰበውና እያንዳንዱን ያስተማረኝ ግን መስማት የተሳነው አናጢ ጓደኛዬ ነው። ስሙ ከስሜ ጋር በሽፋኑ ላይ እንዲወጣ ለምኜው እንቢ ስላለ፣ እዚህ...›»

ከዚህ በኋላ ያለውን ለራሱ ብቻ አነበበው።

አናጢውን ያውቀዋል። በየእሑዱ ግቢያቸው ይመጣ የነበረ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሚሰካ ሰው ነው። አንዴ መደርደሪያ ሊጠግን የመጣ ይመስለው ነበር፤ አንዴ ደግሞ እህቱን የሚያሽኮረምም መስሎት፣ «ይሄ ሰው ቤት የለውም እንዴ?» ብሏታል። አናጢው እጁን እያወራጨ ሰላም ሲለው ጭንቅላቱን ነቅንቆ ያልፈዋል። እህቱ ስንቱን ልጅ በእጁ እንዲናገር ስታስተምር፣ ወንድሟ ከዚያ ሁሉ ምልክት አንዷን እንኳ አልተማረም። በቀብሩም ቀን ሰውየው ከሁሉ ርቆ፣ ብቻውን፣ ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ነበር።

«እሷ ሁለት ነን አለች» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔ ደግሞ የለም፣ ብቻሽን ነሽ አልኳት። በሞቷ ውሸታም ላደርጋት ነበር።» ንዴቱ አልበረደም፤ አቅጣጫውን ግን ለወጠ። «አንድ ግቢ ኖርን ስል አላፈርኩም! ዓይን ያለኝ መስሎኝ!»

«ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ። ስለሚወዷት ነው እሷን ብቻ ያዩት።»

«አትደልይኝ! ይልቅ ምን ላድርግ? ሰባት ቀን ነው ያልሽው፤ ንገሪኝ።»

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ነገረችው። ከገጹ ጀርባ የውይይት ገጽ አለ፤ እዚያ ማንነቱን ይግለጽ። ጽሑፉን ራሱ አይንካ፤ የሚያውቀውን ከነምንጩ ያቅርብ፤ ሌላ ሰው አመዛዝኖ ይጽፈዋል። የተወለደችበት ዓመት፣ ያስተማረችበት ዘመን፣ የመጽሐፏ ስም የማንም ንብረት አይደለም፤ የጋዜጠኛው የሆነው አነጋገሩ ነው። ስለዚህ የጋዜጣው ቀንና የጸሐፊው ስም በምንጭነት ይጠቀስ እንጂ ቃሉ አይገልበጥ።

«አንቺ ጻፊው እንግዲያ።»

«እኔም አልችልም። አሁን አውቄዎታለሁ፤ አዝኜልዎታለሁም። የኔም ክንድ ተነሥቷል።»

«ፎቶዋስ?»

«ማን አነሣት?»

«አንዱ የፎቶ ቤት ነው። ሌላም አለ፤ እኔ ራሴ በመስኮት በኩል ስታስተምር ያነሣኋት።»

«የፎቶ ቤቱን ያለ ፈቃድ አይንኩት። የራስዎን መስጠት ይችላሉ። ግን ይወቁት፤ አንዴ ከሰጡ በኋላ ማንም ስምዎን ጠቅሶ ሊያትመው፣ ሊሸጠውም ይችላል።»

«ሳሙና ላይ ሊለጥፋትም?»

«እሱንም ሊከለክሉ አይችሉ ይሆናል። አስበው ይወስኑ።»

ልብስ ሰፊው አሰበበት። ፎቶውን በዚያ ቀን አልሰጠም፤ የሰጠው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ያን ቀን ግን በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ በሁለት ጣቱ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«‹እውነት ወዳድ› ብዬ የፈረምኩት የሟቿ ወንድም ነኝ። ጽሑፉን ከጋዜጣ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ጋዜጠኛውን ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጽሐፉን ብቻዋን ሠራች ያልኩት ስሕተት ነው። ራሷ በመግቢያዋ የጻፈችውን እዩ። እባካችሁ ሁለቱንም ጻፏቸው።»

በስድስተኛው ቀን ሁለቱም የማያውቁት ሰው፣ ከየት ከተማ እንደሆነ እንኳ ያልታወቀ፣ አሥራ አንድ መስመር ጻፈ። «ወደር የሌላት» የሚል የለበትም፤ «እንደ ሻማ ቀልጣ» የሚልም የለበትም። በየመስመሩ መጨረሻ ግን ከየት እንደተገኘ ተጽፏል። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ አጠረበት፤ ደጋግሞ ሲያነበው ግን አንዱንም መስመር ማንም ሊነቅልባት እንደማይችል ገባው። በምስጋና ብቻ የተሞላ ገጽ የሚያሳምነው ቤተ ዘመድን ነው፤ እህቱን አይቷት የማያውቅ ሰው የሚያምነው ይህን ነው። ጋዜጠኛው የደከመበት ተመልሶለታል። እህቱም ያለችው፣ እንዳለችው ቆሞላታል። ሥዕሏን በሰረቁት ላይ ሲናደድ የኖረ ወንድም፣ ከዚህ ወዲያ ንጹሕ አፍ ይዞ ሊናደድ ይችላል፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው።

በማግስቱ ሱቁን በቀትር ዘግቶ ወደ አናጢው ቤት ሄደ። አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ፣ እጁን ከመጋዝ ብናኝ አራግፎ፣ ስልኩን ተቀበለው። ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ቀስ ብሎ አነበበ። ስሙ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ቀና ሲል በሁለት እጁ አንድ ምልክት አሳየው።

ልብስ ሰፊው አልገባውም። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ግን አላለፈም። በእንጨት ቁርጥራጩ መሀል ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት እጁን አንሥቶ፣ እየተሳሳተ፣ ያየውን ለመድገም ሞከረ። አናጢው ፈገግ አለ፤ ጣቶቹንም ያዘና አስተካከለለት።