ወረቀት ላይ የተወለደ ቆርኬ

ጋሽ አንጁሎ፣ ዛሬ መሸኛዎ ነውና ተራው የእኛ ነው፤ እርስዎ ቁጭ ብለው ይሰማሉ።

ከጉኑኖ ተነስተው ሶዶ ቢሮአችን የገቡ ቀን ዘበኛችን ጋሽ ቦሼ፣ ባለጉዳይ መስለዋቸው እስከ ምሳ ሰዓት አግዳሚ ላይ አስቀመጡዎት አሉ።

«ከብት ጠፍቶብዎት ነው?»

«አዎ።»

«ስንት?»

«እሱን ልቆጥር ነው የመጣሁት።»

አዲሱ የዱር እንስሳት ባለሙያ መሆንዎ የታወቀው ከምሳ በኋላ ነው።

በቆጠራ ቀን ሽቶ የተቀባ ሰው፣ ሽታው አውሬውን ያስበረግጋል ብለው ከመኪና ያወርዳሉ፤ የወረደው ባልደረባችን አማረ ይመስክር። ያወረዱትን ሰው ደግሞ ለመንገዱ የሚበላው የተቀቀለ ቦዬ አስይዘው ነው የሚሸኙት።

እኔም አምና አዲስ ሳለሁ ሠላሳ አንድ ቆርኬ ቆጥሬ፣ እየተኩራራሁ ወረቀቱን ሰጠሁዎት።

«መስከረም፣ ኮረብታውን ዞረው የመጡት እነዚያው ናቸው። እንደገና ቁጠሪ።»

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ቢበዛ ምን ይጎዳል?»

«ወረቀት ላይ የተወለደ ቆርኬ ሣር አይበላም።»

በዚያ ፀሐይ ተመለስኩ። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። አሥራ ሁለቱ የሞቱብኝ ያህል አለቀስኩ።

እነዚያን አሥራ ዘጠኝ ያቆየልን ግን ሪፖርታችን አይደለም። ገበሬው ለከብቱ ለምለም ሣር እንዲበቅል ሜዳውን የሚያቃጥለው፣ የቆርኬ ግልገሎች ሣር ውስጥ ተደብቀው በሚተኙበት ሰሞን ነው። እርስዎ በየዓመቱ ወደ መንደሩ መሰብሰቢያ ሜዳ፣ ወደ ዱቡሻው፣ ወርደው ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ይሰማሉ። ከዚያ «ግልገሎቹ መሮጥ እስኪችሉ ሁለት ሳምንት ስጡኝ» ይላሉ፤ ይሰጡዎታል። የተፈረመ ወረቀት የለም፤ ቃሉ የተሰጠው ለእርስዎ ነው። እርስዎ ሲሄዱ ቃሉም አብሮ እንዳይሄድ ፈርቼ ነበር፣ አልደብቅም።

ባለፈው ሐሙስ ይዘውኝ ወረዱ። አንድ ሽማግሌ «ይቺን ምን ብለን እንመናት?» አሉ።

«አሥራ ዘጠኙን አሥራ ዘጠኝ ብላ ጽፋለች» አሉ እርስዎ። ሽማግሌውም ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ጋሼ፣ ስላስለቀሱኝ ቀን አመሰግንዎታለሁ። ሁላችንም እናመሰግናለን።

የዘንድሮው ሁለት ሳምንት ሰኞ ይጀምራል፤ እኔ እዚያው ነኝ። ለከርሞም ወርጄ እለምናለሁ፤ እምቢ ካሉኝ ከዱቡሻው አልነሳም።

በሉ፣ ብርጭቆአችሁን አንሱ። ለጋሽ አንጁሎ ጤና፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለሃያኛዋም ቆርኬ። ዕድሜ ይስጥዎት፤ ስትወለድ ደውዬ እነግርዎታለሁ፣ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ።